አምስተኛው ማሽን

«ፓፓያው የየት ነው?»

«የሮቢት ወንዝ ዳር። ሁለቱ ግን አልበሰሉም።»

ሁለት ሰዎች ተከትለውታል ማለት ነው።

ፌቨን ቀና አላለችም። ጀውሃ ላይ፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች ከሚበሉበት ቤት በረንዳ ተቀምጣለች። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ ሙቀቱ ግን ከአሁኑ የጣራውን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል። የባጃጅ ሾፌሩ ኡበይድ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። ከፓፓያዎቹ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የኮምፒውተር ዲስክ አለ።

ከመንገዱ ማዶ ነጭ ፒካፕ ቆሟል። ሞተሩ አልጠፋም።

«እኔ ሳይበስል ነው የምወደው» ብላ ተነሳች።

ኡበይድ ፈገግ አለ። «አላህ ይጠብቅሽ፣ እህቴ።»

ይህ ሰው ስለላ ተምሮ አያውቅም። የእህቱ ልጅ ካራቆሬ ውስጥ በወባ ታማ፣ የታዘዘላትን ኪኒን ሳታጓድል እየዋጠች በሦስተኛው ቀን ሞተችበት። ኪኒኑ ዱቄት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፌቨን ና ስትለው ይመጣል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ፌቨን እውነተኛ ስሟ አይደለም። መሥሪያ ቤቷ የሚያውቃት «ሽመላ» በሚል ስም ነው። አዲስ አበባ ሆኖ በስልክ መልእክት የሚያዛት አለቃዋ ደግሞ «ዋርካ» ይባላል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ግን አራት ወር ሙሉ ያንን ኪኒን የሸጠ የአንድ መድኃኒት አከፋፋይ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ከርማለች።

በአከፋፋዩ መጋዘን ያለው ሰርቨር አንድ ነው። ሆዱ ውስጥ ግን አምስት ኮምፒውተሮች ይሠራሉ፤ እጅ የማይዳስሳቸው፣ ሥራቸው ግን እንደማንኛውም ኮምፒውተር የሆነ። ቨርቹዋል ማሽን ይሏቸዋል። የተሸከማቸው ብረት ደግሞ ሆስት ይባላል። አንዱ የደመወዝ፣ አንዱ የዕቃ፣ አንዱ የካሜራ፣ አንዱ የደብዳቤ ነው። አምስተኛው ስም የለውም። ሥራ አስኪያጁ አቶ ኤፍሬም ጠዋት ጠዋት በይለፍ ቃሉ ይከፍተዋል፤ ሲመሽ ራሱ ይዘጋዋል። አንዴ ከተዘጋ ማንም አያነበውም።

ሐሰተኛው ኪኒን ለእነማን እንደተላከ የሚናገረው ዝርዝር እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ማሽኑን እየሠራ ሳለ፣ በቁሙ ኡበይድ ባመጣላት ዲስክ ላይ መቅዳት ነበረባት።

ሦስት ሳምንት ተዘጋጀችበት። የሆስቱ ማራገቢያ ሞቷል፣ የቆላው ሙቀት ሊያቃጥለው ነው እያለች ማመልከቻ ጻፈች። እውነቷን ነበር። በመጨረሻ አዲስ ሆስት መጣ። ማሽኖቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ የምታሻግረው ዛሬ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ሰዓቱ ደረሰ። ሰርቨሩ ባለበት ክፍል ኤፍሬም ከጀርባዋ ቆመ።

«አምስተኛውን አጥፍተሽ አሻግሪው።»

«ከጠፋ ላይነሳ ይችላል። ዲስኩ አርጅቷል። እየሠራ ይሻገር።»

«አጥፊው አልኩሽ!»

«እሺ። ቢበላሽ ተጠያቂው እኔ ነኝ ብለው ይፈርሙልኝ።» ወረቀትና እስክሪብቶ ዘረጋችለት።

ኤፍሬም እስክሪብቶውን አየው። አልተቀበላትም።

«እየሠራ ይሻገር» አለ ጥርሱን ነክሶ።

ኤፍሬም ስልኩ ላይ ሲያቀረቅር፣ መጀመሪያ አሮጌው ሆስት ላይ ለማታለያ የሚሆን አንድ ቅጂ አስቀረች። ከዚያ ዋናውን «ካሜራ ሁለት» የሚል ስም ሰጥታ ማሻገር ጀመረች። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

የሰርቨሩ መጠባበቂያ ባትሪ ጮኸ። ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አጉረመረመና ዝም አለ። ኤፍሬም እየተሳደበ ወደ ግቢው ሮጠ።

ባትሪው አራት ደቂቃ ቀርቶታል። ማሻገሩ ሰባት ይፈልጋል።

ከጠረጴዛው ሥር ተንበረከከች። አየር ማቀዝቀዣውን ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው እዚያው ባትሪ ላይ ሰክቶታል። ነቀለችው። አራቱ ደቂቃ ዘጠኝ ሆነ። ክፍሉ ግን ወዲያው እንደ ምድጃ ጋለ፤ አሮጌው ሆስትም ያስጠነቅቅ ጀመር። የካርቶን ክዳን ቀድዳ በሁለት እጇ ታራግብለት ጀመረች። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ። አላቆመችም።

ማሽኑ ተሻገረ።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ። «ሥራው ተሰርዟል። አምስተኛውን አጥፊ። ዲስኩን ለባጃጁ ስጪ። ዋርካ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

አምስተኛውን።

ለዋርካ በላከችው ሪፖርት ሁሉ «ዝርዝሩ» ከማለት በቀር ማሽኑ ስንተኛ እንደሆነ አንድም ቀን አልጻፈችም። ያንን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። እሷና ኤፍሬም።

ዋርካ ሸጧታል። ነጩ ፒካፕም የእሱ ነው። ዝርዝሩን ይዛ የምታንኳኳው በር የለም።

ፈራች። ቀጥሎ ንዴት መጣ፤ ንዴቱ ተሻላት።

ለኡበይድ አንድ ቃል ላከች። «ተሰወር።»

ከዚያ ወደ አምስተኛው ማሽን ገባች። ኤፍሬም ጠዋት እንደከፈተው ነው። ድርጅቱ ለደንበኞቹ «ዕቃ ተልኮላችኋል» እያለ በስልክ መልእክት የሚያሳውቀው በዚሁ ማሽን ነበር። አርባ ሦስት ስልክ ቁጥር አለው። የይፋት ጤና ኬላዎች፣ መድኃኒት ቤቶች፣ ሁሉም። የኢንተርኔቱ መስመር ባትሪው ላይ ነው፤ አልተቋረጠም።

ጻፈች። «ከእኛ የተላከላችሁ፣ ካርቶኑ ላይ 7714 የሚል ቁጥር ያለው የወባ ኪኒን ሐሰተኛ ነው። ለማንም እንዳትሰጡ። አውጥታችሁ ለሕዝብ አሳዩት።»

ላከችው።

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ኤፍሬም ቀስ ብሎ ገባና በሩን ዘጋ።

«መልእክት ደርሶሻል አይደል?» አላት። «ዲስኩን አምጪ።»

ሰጠችው። ባዶ ነበር።

«አሁን አምስተኛውን አጥፊልኝ። እያየሁ።»

አሮጌው ሆስት ላይ ያስቀረችውን ቅጂ መረጠች። ስክሪኑ በእርግጥ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ቆይ፣ እኔ ራሴ» አለና ኤፍሬም ተጫነው። ቅጂው ሲጠፋ በረጅሙ ተነፈሰ። «በር ላይ የሚጠብቁሽ ሰዎች አሉ። አርፈሽ ከሄድሽ አይነኩሽም።»

ስልኩ ጮኸ። ሲያነሳው የቢሮውም ስልክ ከወዲያ ማዶ ጮኸ።

«የምን መልእክት? እኛ አልላክንም!» ዘጋው። ወዲያው እንደገና ጮኸ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን አደረግሽ?»

«ሥራዬን። ሆስቱን አደስኩልህ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው።

ኤፍሬም አዲሱ ሆስት ላይ ተወርውሮ ገመዶቹን ይነቅል ጀመር። ፌቨን ወጣች። በሩን ከውጭ ቆለፈችው።

በር ላይ ፒካፑ አልነበረም።

«አንድ የባጃጅ ሾፌር መጥቶ የምትፈልጉት ዕቃ እኔ ጋር ነው እያለ ካርቶን አሳያቸውና ጥሩንባ ነፋባቸው» አላት ዘበኛው እየሳቀ። «በጀውሃ በኩል ፈረጠጠ፤ ተከተሉት።»

ተሰወር ብላው ነበር። አልሰማትም።

ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ተከናንባ በካራቆሬው ሚኒባስ ተሳፈረች። ጀውሃን እንዳለፉ መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ። ባጃጁ ቦይ ውስጥ ተገልብጧል። ሰው ከቧል። ኡበይድ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች እግር አይመስልም። ከፒካፑ የወረደ አንድ ሰውዬ አንገትጌውን ጨምድዶታል።

«የት ናት? ተናገር!»

ኡበይድ ቀና አለ። በሚኒባሱ መስኮት በኩል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

እጁን አነሳ።

ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ጠቆመ። «ወደ አዲስ አበባ! አመለጠቻችሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ከሥቃዩ ጋር ሳቀም።

ሰዎቹ ፒካፑ ላይ ዘለው ወጡ። ጎማው አቧራ አስነስቶ ወደ ኋላ ተመለሰ። መንገደኞች ኡበይድን ተሸክመው አንድ አይሱዙ ላይ ጫኑት።

«የሚያውቀው ሰው አለ?» አለ የሚኒባሱ ሾፌር ዞሮ።

ከመቀመጫዋ ልትነሳ ነበር። ከወረደች እግሩን የሰጠው በከንቱ ይሆናል። የፊቷን ወንበር ብረት ጨበጠች። ዝም አለች። ያ ዝምታ አራት ወር ሙሉ ከዋሸችው ውሸት ሁሉ ከበዳት።

ካራቆሬ መንገዱ ተዘግቷል። ከየመድኃኒት ቤቱ ካርቶን እየወጣ አስፋልቱ ዳር ይከመራል። ነጭ ጋውን የለበሰች ነርስ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆማ መልእክቱን አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ታነባለች። እናቶች ከመቀነታቸው ኪኒን እየፈቱ ይወረውራሉ። አርባ ሃምሳ ሰው ስልኩን አንስቶ ይቀርጻል። ይህን ሁሉ ዋርካ በአንድ ትእዛዝ አያጠፋውም።

ከሚኒባሱ ወረደች።

«እህት፣ አንዱን አግዢን እስቲ!» አላት አንድ ወጣት ካርቶን እንዳቀፈ።

ማንነቷን አልጠየቃትም። ካርቶኑን ተቀብላ ክምሩ ላይ ጣለችው። ከሴቶቹ ጋር ተሰልፋም ሌላ ልታመጣ ወደ ውስጥ ገባች።