የዘጠና ስድስቱ ማልያ

ሃሩን ማልያ አገላብጦ ካየ በኋላ የሚናገረው ቃል አንድ ነበር፤ ወይ «ኦሪጅናል» ወይ «ፎርጅድ»። ለቡ መብራት ኃይል ባለችው ጠባብ ሱቁ የድሮ ማልያና ተጫዋቾች የፈረሙባቸውን ኳሶች እየገዛ ይሸጣል፤ ሰውም ከየሰፈሩ ያለውን ይዞ እየመጣ ያስመረምረዋል። ሥራውን የተማረው ከፈረንጆች ቪዲዮ ነው። ስፌቱን፣ የተሠራበት ዓመት የሚጻፍበትን ታግ፣ የፊርማውን ቀለም በማጉያ መነጽር ያያል። ቴሌግራም ላይ ተከታዮቹ «ዳኛው» ይሉታል። እሱም ስሙን ወዶታል፤ ከሚገባው በላይ ወዶታል ማለት ይቻላል።

ሙፊዳን ያገኛት በመጋረጃ ሰበብ ነው። ከሰዓት በኋላ የምትገባው ፀሐይ ፊርማዎቹን እያደበዘዘች ስታስቸግረው፣ ሀና ማርያም ካለ መጋረጃ ቤት አንዲት ልጅ መስኮቱን ልትለካ መጣች። የቆመችበት ወንበር ይነቃነቅ ስለነበር ደግፎ ያዘላት።

«ኦሪጅናሉን ከፎርጅዱ አይተህ ትለያለህ አሉ» አለችው ከላይ ሆና።

«አብዛኛውን።»

«ሰውስ?»

«ሰው ላይ ታግ የለም።»

ሳቀች፤ እየሳቀች መስኮቱን አሳስታ ለካች። መጋረጃው አጥሮ መጣና እንደገና ልትለካ ተመለሰች። ያን ጊዜም ስታሳስት ነገሩ ለሁለቱም ገብቷቸው ነበር።

ከወራት በኋላ ሙፊዳ ስለ አባቷ አወራችው። ጋሽ ሙሄ በጉልምስናቸው የአንድ ክለብ ወጌሻ ነበሩ። እንግዳ የሚባለውን የክንፍ ተጫዋች፣ ጉልበቱ ተጎድቶ ከሜዳ ርቆ ሲከርም፣ እያሹና እያበረቱ የመለሱት እሳቸው ናቸው። በተመለሰበት ቀን እንግዳ ማልያውን አውልቆ ፈረመና ሰጣቸው። እንግዳ ዛሬ በሕይወት የለም፤ ለታሪኩ የቀራቸው ምስክር ማልያው ብቻ ነው። ሰፈሩ ግን ወሬውን ግማሹን እያመነ፣ ግማሹን እየሳቀ ነበር የሚሰማቸው።

«ነፋስ ስልክ ወጣት ማዕከል ለድሮ ስፖርተኞች በሚያዘጋጀው የአንድ ሳምንት ዝግጅት ላይ አባቴ ማልያውን ይዞ ይመጣል» አለችው። «አንተ አይደለህ መርማሪው? በዚያው ያውቅሃል። ከዚያ ሽማግሌ ለመላክም አትቸገርም።»

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ጋሽ ሙሄ ማልያውን ከንጹሕ ፌስታል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ ዘረጉት። ሙፊዳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሃሩንን ታየው ነበር፤ እንዴት እንደምታየው ለመደበቅ እንኳ አልሞከረችም።

ሃሩን አንገትጌውን ገልብጦ ታጉን አነበበ፤ 2003 ይላል። ደረቱ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ በአማርኛ «እንግዳ 96» ተብሎ ተፈርሟል። ልቡ ድንግጥ አለ። ወዲያው ግን ድንጋጤው ወደ ኩራት ተለወጠ። ለፍቅሩ ብሎ የማያዳላ ዳኛ መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም ብሎ አሰበ፤ ሞኝ።

«ማልያው ኦሪጅናል ነው» አለ በማይክሮፎኑ። «የተሠራው በ2003 ነው። ፊርማው ግን 96 ይላል። እንግዳ ማልያው ከመሰፋቱ ሰባት ዓመት ቀድሞ ፈርሞበታል ማለት ነው።»

አዳራሹ በሳቅ አወካ። ሳቁ ጣመውና ጨመረበት። «ጋሼ፣ የሆነ ሰው ሸውዶዎታል። ፊርማው ፎርጅድ ነው።»

ጋሽ ሙሄ ለመናገር አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ፊቷን አዩት፤ ሃሩንንም አዩት። አፋቸውን መልሰው ገጠሙ።

«እሺ ልጄ፤ አላህ ይስጥልኝ» አሉና ማልያውን አጥፈው ወጡ። ሙፊዳ አንገቷን ደፍታ ተከተለቻቸው።

ማታ ቢደውልላት አላነሳችም። ጠዋት ቁርስ ላይ እናቱ ከድጃ የዝግጅቱን ቪዲዮ በስልኳ ስታይ ቆየችና፦

«ዘጠና ስድስት» አለች ለራሷ። «አንተን አንደኛ ክፍል ያስገባንህ ዓመት እኮ ነው። ዩኒፎርምህ ሰፍቶህ ስንስቅብህ፣ አልሄድም ብለህ በር ላይ ያለቀስከው።»

ሃሩን ያነሳውን ፉል ሳህኑ ላይ መለሰው። «እማ፣ ምን አልሽ?»

«ዘጠና ስድስት ነዋ። በፈረንጆቹ 2003 መሰለኝ።»

ክው አለ። ስሙን በአማርኛ ፊደል የፈረመ ሰው ዘመኑን በማን አቆጣጠር ሊጽፍ ኖሯል? ከፈረንጅ ታግ ጋር ሲውል የገዛ አገሩ ዓመት ጠፍቶበት፣ ማልያውና ፊርማው የአንድ ዓመት መሆናቸውን ሳያይ፣ አንድ ሽማግሌ ሰው በሕዝብ ፊት አስቆባቸዋል። እፍረቱ ከእግር ጥፍሩ ተነሥቶ ጆሮውን አጋለው። ትናንት የጣመው ሳቅ ትዝ ሲለው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሀና ማርያም ሲደርስ ሙፊዳ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ነበር።

«ተሳስቻለሁ» አላት በር ላይ እንደቆመ። «በእኛ ነው። ዘጠና ስድስቱ በእኛ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችው ቀና ሳትል። «አባቴ ማታ ነገረኝ።»

«መቼ ገባቸው?»

«እዚያው። ገና አፍህን ስትከፍት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «እንዴት እንደማይህ አይቶ ነው። ‹አንቺ የወደድሽውን ልጅ በሰው ፊት ኩም ላድርገው?› አለኝ።»

ሃሩንን ቢሰድቡት በተሻለው።

«ይቅር በይኝ፣ ሙፊ።»

«ያንተስ ንዴት ነው፤ ይወጣልኛል» አለች። «የባሰው የእኔ ነው። አመንኩህ እኮ። ታክሲ ውስጥ ‹አባ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ማን ነው የሰጠህ?› ብዬ ጠየቅኩት። አንድ ቀን ዋሽቶኝ የማያውቀውን ሰው። ምንም አልመለሰልኝም፤ በመስኮት ወደ ውጪ ማየት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ዐይኑን ማየት አልቻልኩም። አንተን ሳይህ ደግሞ ያቺ ጥያቄ ትመጣብኛለች።»

«ምን ላድርግ?»

«በሰው ፊት ያልከውን በሰው ፊት መልሰው። እኔን ለጊዜው ተወኝ።»

የዝግጅቱ መዝጊያ ቀን ላይ ሃሩን አዘጋጆቹን ለምኖ ማይክሮፎኑን ያዘ። ጋሽ ሙሄ ከነማልያቸው እንዲመጡለትም ቤታቸው ድረስ ሰው ልኮ አስለምኗል። መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል።

«የጋሽ ሙሄ ማልያ ኦሪጅናል ነው፤ ፊርማውም ኦሪጅናል ነው» አለ። «ፎርጅዱ የእኔ ዳኝነት ነው። የአማርኛ ፊርማ ይዤ በፈረንጅ ዘመን ቆጠርኩ። 96 በእኛ ማለት በእነሱ 2003 ነው።»

«ዳኛው ራሱ ቀይ ካርድ!» አለ አንዱ ከመሃል። አዳራሹ አወካ። ሃሩን ሳቁ እስኪያልቅ ላቡን ሳይጠርግ ቆመ።

«ይገባኛል። ግን ያልሰማችሁት አለ። ጋሽ ሙሄ ስሕተቴን እዚያው አውቀውት ነበር። እኔ እንዳላፍር ብለው እናንተ እየሳቃችሁባቸው ዝም አሉ።»

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ብዙ ሰው መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ጋሽ ሙሄ ተነሥተው በዝግታ መጡና ማይክሮፎኑን ከእጁ ወሰዱ።

«በቃ፣ ልጁ አፍሯል፤ ይበቃዋል» አሉ። «አሁን የእንግዳን ጉልበት ላውራችሁ።»

አወሩ። ሰፈሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ ሰማቸው።

ሃሩን ውጪ ሲወጣ ሙፊዳን በሩ አጠገብ ቆማ አገኛት። ዐይኗ ቀልቷል።

«መጣሽ?»

«አባቴን ላጅብ ነው» አለች። «ከቤት እስከዚህ አብሬው መጥቼ አንዴ እንኳ ቀና ብዬ አላየሁትም።»

«እኔም ማይክሮፎኑን ሲቀበሉኝ ጫማቸውን ነበር የማየው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አብረን እንጠብቃቸው።»

ጎን ለጎን ቆሙ። ጋሽ ሙሄ ማልያውን በብብታቸው ይዘው ሲወጡ፣ አርፍደው እንደተያዙ ተማሪዎች አንገታቸውን ደፍተው አገኟቸው።

«ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«አባ» አለች ሙፊዳ፣ ዐይኗን ከአስፋልቱ ሳታነሣ። «ታክሲ ውስጥ ለጠየቅኩህ... አፉ በለኝ።»

ሽማግሌው ማልያውን ከብብታቸው አውጥተው ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት። ለሃሩን ነገሩ ምን ያህል እንደጎዳቸው ያኔ ነው የገባው።

«አፉ ብያለሁ፣ ሙፊ» አሉ በመጨረሻ። «ትንሽ አመመኝ እንጂ፣ አፉስ ያኔውኑ ብያለሁ።»

«ለእኔም አፉ ይበሉኝ፣ ጋሽ ሙሄ» አለ ሃሩን።

ከላይ እስከ ታች አዩት፤ እሱ ማልያ ሲመረምር እንደሚያደርገው ጊዜ ወሰዱ።

«አንተ ደግሞ ሽማግሌ ስትልክ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ንገራቸው» አሉ። «አለዚያ ልጄን ሰባት ዓመት ልታስጠብቃት ነው።»

ሙፊዳ ሳቋ አመለጣት። እየሳቀች፣ ማፈሯን ረስታ፣ ቀና ብላ አባቷን አየቻቸው።