በግራ ጎኑ የተኛው አናጢ

«አልፈርምም» አለች አስታማሚዋ፤ ፖሊሱ ያቀረበላትን የእምነት ቃል በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው።

ሽማግሌው አናጢ አልጋው ላይ በግራ ጎኑ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሞቶ የተገኘው ትናንት ነው። ሐኪሙ በትራስ ታፍኖ ነው ብሏል። ሦስት ዓመት አጥባ፣ አጉርሳ፣ አገላብጣ የያዘችው ሴት አሁን ገዳይ ልትባል ነው። ንዴቱ እንባዋን አድርቆታል።

«ስምንት ሰዓት ላይ ስወጣ በበሩ አየሁት» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ለሦስተኛ ጊዜ። «ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ በአፍንጫው ቀስ እያለ ይተነፍስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቤት የነበረችው እሷ ብቻ ናት።»

«ከመድኃኒት ቤት ስመለስ በር ላይ ‹ተኝቷል፣ እንዳትቀሰቅሺው› አልከኝ። አምኜህ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳልገባ ቀረሁ። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።» እስከ ትናንት «እርስዎ» ነበር የምትለው።

ጉንፋን የያዛት ኢንስፔክተር አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ ሟቹ ሴት ልጅ ዞረች። «የአባትሽ አፍንጫ ለምን ተጣመመ?»

«በወጣትነቱ ጣውላ መትቶት ነው። የቀኙ ቀዳዳ ከዚያ ወዲህ አየር አያስገባም።»

«አንቺስ እንዴት ነበር የምታስተኚያቸው?» አለች አስታማሚዋን።

«ሁልጊዜ በቀኛቸው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ። እንዳይገለበጡ ከጀርባቸው ትራስ አደርጋለሁ። በግራ ከዞሩ አየር አጥሯቸው፣ አፋቸውን ከፍተው ይባንናሉ።»

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም መኝታ ቤት ሰበሰበቻቸው። ጫማዋን አውልቃ የሟች አልጋ ላይ በግራ ጎኗ ተጋደመች። ወንድምየው ሳቀ። እሷ ግን አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብላ ተኛች።

«ሰው በጎኑ ሲተኛ የታችኛው አፍንጫ ይደፈናል፣ የላይኛው ይከፈታል» አለች በታፈነ ድምፅ። «የእኔ ግራ አሁን ተዘግቷል፤ በቀኙ እተነፍሳለሁ። ወንድምዎ ግን ቀኙ አይሠራላቸውም። በግራ ተኝተው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ በየት በኩል ተነፈሱ?»

«አፉን ትንሽ ከፍቶ ይሆናል።»

«ሦስት ጊዜ ‹ገጥሞ› ብለዋል። ያዩት የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። አፍነው ከገደሏቸው በኋላ ፊታቸው ከበሩ እንዳይታይ ወደ ግድግዳው አዞሯቸው። እሷ ብትሆን ኖሮ እንደ ወትሮው በቀኛቸው ነበር የምታስተኛቸው።»

«አጎቴ፣» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ፣ «ትናንት ምሳ ላይ አባዬ የእንጨት ሥራ ቤቱን ለእኔ እንደሚተው ሲናገር ማንኪያህን ጥለህ ተነሣህ።»

«አርባ ዓመት አብሬው እንጨት ስጠርብ አንቺ የት ነበርሽ?» አለ ወንድምየው።

ሲወስዱት አስታማሚዋ ለፖሊሱ እጇን ዘረጋች።

«ባዶ ወረቀት ስጠኝ። የራሴን ቃል ራሴ ጽፌ እፈርማለሁ።»

ቁጭ ብላ የመጀመሪያውን መስመር ጻፈች፦ «ጋሼ የሚተኙት በቀኝ ጎናቸው ነበር።»