በነነዌ የተጠበሰ እንቁላል

አቶ ሰርፀ ድሬዳዋ ሊገቡ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ማክሰኞ ከሰዓት ስቶን ማውንቴን ባለው ቤታቸው ሶፋ ላይ ራሳቸውን ስተው ተገኙ። ሳይነቁም አረፉ። የአትላንታ ብርድ ጉልበታቸውን ሲበላቸው የኖሩት ሰው፣ ጡረታቸው ድሬዳዋ ላይ እንደ ጌታ እንደሚያኖራቸው፣ ፀሐዩ ደግሞ በነጻ እንደሆነ ላገኙት ሁሉ ሲያወሩ ነበር የከረሙት። ሻንጣቸው እንደታሰረ በር ላይ ቆሟል።

ሐኪሙ «ስኳራቸው ክኒን ሳይውጡ እንዲህ አይወርድም» አለ። አቶ ሰርፀ ደግሞ «የድሬ ፀሐይ ያድነኛል» ብለው የስኳር በሽታ ክኒናቸውን እርግፍ አድርገው ከተዉ ወር አልፏቸዋል። እንግዲህ ሳያውቁ ያጠጣቸው ሰው አለ። ፖሊስ ጣቱን የቀሰረው ሚስታቸው ላይ ነው፤ «ድሬዳዋ አልሄድም» ብለው ሲጣሉ ጎረቤት ሰምቷልና። በሳልስቱ ማግስት ጠዋት ይመጣባቸዋል።

ስለዚህ ሻምበል እንድርያስ ተጠራ። ዱሮ አዲስ አበባ ወንጀል መርማሪ ነበር፤ ዛሬ ፓርኪንግ ይሠራል። ዐይኑ ግን ጡረታ አልወጣም።

«ሻምበል፣ እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉት ወይዘሮ አፀደ ገና ሳይቀመጥ።

«በምን?»

«በአፌ። ‹ብቻህን ሂድ፣ ብቻህን ሙት› አልኩት።»

ሻምበል ማስታወሻው ላይ ምንም አልጻፈም።

ቤዝመንት የሚኖረው የሟች ወንድም ብርሃኑም ጥፋቱን ለማንም አላካፍልም አለ። «እሷ ምን አደረገች! ጸበሉን ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ነነዌን ሲጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሌላ አይቀምስም።»

«አልመረረውም?»

«መሮታል። ጸበል መረረኝ ብሎ የሚከስ ማን አለ?»

ሻምበል የጸበሉን ጀሪካን ወደ መስኮቱ አነሳ። ሥሩ ላይ ነጭ ዝቃጭ ተኝቷል።

ልጃቸው ራኬብ ኖርክሮስ ከተማ የምትሠራ ኢንጂነር ናት። «ቼክ ላደርገው ይገባ ነበር» አለች፣ ዐይኗ ሻንጣው ላይ። «ሰኞም ማክሰኞም ቁርሱን ሠርቼለት፣ ላይክ፣ ሮጬ ወደ ሥራ ወጣሁ።»

«ሁልጊዜ ትሠሪለታለሽ?»

እናትየው ቀደሟትና «ራኬብ? ለራሷም ቁርስ አትሠራም!» አሉ።

ሻምበል ፍሪጁን ከፈተ። ከድስቶቹ ኋላ በፎይል የተጠቀለሉ ሁለት የእንቁላል ሳንድዊቾች ተሸሽገው አገኘ። ልጃቸው እንዳይከፋት የደበቋቸው ሟቹ ነበሩ። ፍሪጁን ቶሎ ዘጋው።

በሳልስቱ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ክኒኑ የተሟሟው ጸበሉ ውስጥ ነው፤ እሳቸው እንቢ የማይሉት እሱን ብቻ ነዋ። የክኒኑ ብልቃጥ ላይ ‹ከቁርስ ጋር› ተብሎ ተጽፏል፤ በባዶ ሆድ ስኳርን ከልክ በላይ ያወርዳል። ቁርስ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ደግሞ ጸበሉ የመረረ ዕለት ቁርስ ጀመረ። ሊገድል የፈለገ ቁርስ አያቀርብም። የነነዌን ጾም የሚያውቅም እንቁላል አይጠብስም። ወይዘሮ አፀደ አብረው ጾመዋል፣ ብርሃኑም ጾሟል። ጾሙን የማታውቀው አንዷ ብቻ ናት።»

ራኬብ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ሐሙስ የደም ቴስት ነበረው። ሹገሩ ካልወረደ ዶክተሩ አትሄድም ብሎት ነበር። ክኒኑን ደግሞ እንቢ አለኝ። ድሬዳዋ እንዲሄድ ነበር የፈለግኩት፣ አይ ስዌር! የበላ መስሎኝ ነው። ጾም መሆኑን ማንም አልነገረኝም!»

ብርሃኑ አቀረቀረ። ወይዘሮ አፀደ ተነስተው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«አሜሪካ ያደገች ልጅ ጾም ምኗ ነው እያልኩ፣ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም» አሉ። «ነገ ፖሊሱ ሲመጣ አብሬሽ ቁጭ እላለሁ፤ ያንቺን ትነግሪዋለሽ፣ የኔን እነግረዋለሁ።» ከዚያ ወደ ሻምበል ዞሩ። «በመጀመሪያ ስነግርህ እኮ አልጻፍከውም።»

ሻምበል ማስታወሻውን አወጣ፤ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ግን ጠፋው።