በጉግል ሦስተኛ ላይ ያገኘሁት

መኮንንን የተዋወቅኩት ስንጨቃጨቅ ነው።

ቡራዩ ኮምፒውተር ቤት እሠራለሁ። ለሆቴል፣ ለጋራዥ፣ ለመጋዘን ድረ ገጽ እሠራለሁ። እሱ ለደላላ ነው የሚሠራው፤ የሚከራዩ ቤቶች ይዞ መጣ። የየገጹ አርዕስት በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ እንዲጻፍለት ፈለገ። እንደዚያ ሲሆን ጉግል ወደ ላይ ያወጣዋል አለኝ።

«ጉግል ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም» አልኩት። «ሰው ነው የሚለየው። ሁሉም ትልቅ ሲሆን የሚጮሁበት ይመስለዋል፤ አይከፍተውም።»

«እንወራረድ።»

ሁለት ተመሳሳይ ቤት፣ ሁለት ገጽ። አንዱን በሱ መንገድ፣ አንዱን በኔ፦ የቃሉ መጀመሪያ ብቻ ትልቅ፣ የሰፈሩ ስም ፊት፣ ስፋቱ ቀጥሎ። በሁለት ሳምንት ጉግል ላይ ተከታትለው ወጡ። የሱን ዘጠኝ ሰው ከፈተው፣ የኔን አርባ አንድ። ምሳ ጋበዘኝ። ከሱ በፊት ሲሸነፍ ደስ የሚለው ወንድ አይቼ አላውቅም። እየበላን ዝም ብሎ ያየኛል። መታየት አልወድም፤ የሱን ግን ወደድኩት።

መስከረም ላይ ሱሉልታ ቤተሰቦቼ ጋ ወሰድኩት። አባቴ ኦቦ ቀጄላ እንግዳ ይወዳል። መሬቱን ዳር እስከ ዳር አዞረው፣ ድንበሩን እየረገጠ አሳየው። መኮንን ሜዳው መሀል ፎቶ አነሳኝ። ነጠላዬን ነፋስ ይዞት ነበር።

ኅዳር ላይ፣ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ ተነሳ። ወንድሜ ሊቤ መሬታችን አይወሰድም ብሎ ወጥቶ ታሰረ። ታክሲ በጠፋበት ቀን መኮንን ከሚኖርበት ከሰበታ ቡራዩ በእግሩ መጣ። እጄን ይዞ አብሮኝ ተቀመጠ። በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ላከ። አባቴ እንደ ደንቡ ቀጠሮ ሰጠ፤ መልሱ እሁድ ነው።

ረቡዕ፣ ሱሉልታ መጋዘን ላለው ደንበኛ የሠራሁትን ገጽ ጉግል ላይ ስፈልግ፣ ዓይኔ ሦስተኛው ላይ አረፈ። የሚሸጥ መሬት ነው። አርዕስቱ ያምራል። ሰፈሩ ፊት፣ ስፋቱ ቀጥሎ፣ የሚጮህ ነገር የለውም። የማን ጎበዝ ሥራ ነው ብዬ ከፈትኩት።

የአባቴ ሜዳ። የመስከረሙ ፎቶ። እኔን ቆርጦ አውጥቶኛል፤ የነጠላዬ ጫፍ ቀርቷል። ከሥሩ የመኮንን ስልክ ቁጥር።

ደወልኩለት፣ መጣ። አልካደም።

«ማስተር ፕላኑ መውሰዱ ላይቀር» አለ። «ቀድሞ የሸጠ ይሻለዋል። ለናንተው ብዬ ነው፣ ጂቱዬ።»

«አባቴን ጠየቅከው?»

«ከሽምግልናው በኋላ ልነግራቸው ነበር።»

«አውርደው።»

መሬት መሬት አየ። አለቃው፣ ደላላው ሱሩር፣ ገዢ አግኝቷል አለ። ቢሆንም እስከ እሁድ አወርደዋለሁ አለኝ። አመንኩት። ስለምወደው።

ሐሙስ ገጹ እዚያው ሦስተኛ ነው። ዓርብ ሁለተኛ። የጎረቤታችን የቦጂያ መሬት እንዲሁ ገጽ ላይ በወጣ በሳምንቱ ነው ሳያውቅ ገዢ ያጠረው። ቅዳሜም አለመውረዱን ሳይ ገጹን በወረቀት አተምኩት።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ሱሉልታ ቤታችን ገቡ። መኮንን አስፋልቱ ላይ፣ በአለቃው መኪና ውስጥ ይጠብቃል። በኛ ደንብ ልጅቷ አትገባም። ገባሁ። የሽማግሌዎቹ መሪ ኦቦ ደቻሳ ይቺ ልጅ ነውር አታውቅም እንዴ አሉ። ወረቀቱን ለአባቴ በኦሮምኛ አነበብኩለት። ስፋቱ ጋ ስደርስ ኦቦ ደቻሳም ወረቀቱን ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ።



«ድንበሩን ያሳየሁት እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

«እንዲህ መጻፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ አባ።»

ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። አባቴ ወረቀቱን እያየ ከኮምፒውተሩ አጥፊው አለኝ። አልችልም፣ የይለፍ ቃሉ እሱ ጋ ነው አልኩት።

«እንግዲያው ሂጂ ለምኚው።»

ማንንም ለምኚ ብሎኝ አያውቅም። ሮጥኩ። አስፋልቱ ላይ ሽማግሌዎቹ ብቻ ቆመዋል። ገና ፊታችንን ሲያይ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ አሉኝ ኦቦ ደቻሳ፤ መልሱን እንኳ አልጠየቀም።

ስልኩን አያነሳም።

ሰኞ ጠዋት ቡራዩ ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የአባቴ ሜዳ ጉግል ላይ አንደኛ ወጥቷል።