ባዶው ላይ የበራችው ነጥብ

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። በዓይኔ ያየሁት ነው። ባለፈው ኅዳር፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ሞክፖ ከተማ፣ አባቴ ቤት ውስጥ።

አባባ በማግስቱ ለልብ ቀዶ ሕክምና ሊገቡ ነበር። በእኛ አገር፣ በቀብሩ ዕለት ለቀስተኛ ፊት የሚቆመውን ፎቶ አስቀድሞ የተነሳ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይባላል።

«በዚህ አንሳኝ፣ ዶንሁ» ብለው በወጣትነታቸው የገዙትን ሌንስ ሰጡኝ። «ያንተ ፕላስቲክ ሌንስ ፊቴን ያሳብጠዋል።»

«ፊትዎን ያሳበጠው ማታ የበሉት ጨዋማ ኑድል ነው፣ አባባ።»

ካሜራዬ ርካሽ ነው፤ አዲስ ጀማሪ የሚይዘው። አሮጌውን ሌንስ ሲገጥሙለት ምስሉን በራሱ ማጥራት አይችልም። የሌንሱን ቀለበት በእጅ ማዞር ነው። መሃል ላይ ያለው ነገር ሲጠራ መመልከቻው ውስጥ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች... ያ ነገር ስንት ሜትር እንደሚርቅ ደግሞ ቀለበቱ ላይ ይነበባል።

አባባ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ወንበር መሃል ላይ ተቀመጡ። በመካከላችን ሦስት ሜትር። ግድግዳው ከኋላቸው ራቅ ይላል።

ከቅርቡ ጀምሬ ቀለበቱን አዞርኩ።

ነጥቧ በራች።

አንድ ሜትር።

ቀና ብዬ አየሁ። በእኔና በአባባ መካከል ምንም የለም...

«ምነው?»

«ሌንሱ አርጅቷል መሰለኝ።»

«ሰበብ! የሚያረጀው ዓይን ነው።»

በመመልከቻው ደግሜ አየሁ። ነጥቧ ጠፍታለች። ቀስ ብዬ አዞርኩ...

አንድ ተኩል።

ሌንሱን በሸሚዜ ጠረግኩ።

ሁለት።

ያኔ ገባኝ። የሆነ ነገር ከእኔ እየራቀ ነው... ወደ እሳቸው እየሄደ።

«አባባ፣ ይነሱ።»

«ልነሳ አይደል የተቀመጥኩት?» ብለው ሳቁ።

«ፎቶውን አይደለም... ከዚያ ይነሱ!»

ሁለት ተኩል።

ሳቃቸው ተቋረጠ። የሚያዩት እኔን አልነበረም። ከፊታቸው የቆመ ሰው የሚያናግራቸው ይመስል አንጋጠጡ።

«ዛሬ?» አሉ በሹክሹክታ። «ነገ መስሎኝ...»

ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ወንበሩ ጫፍ ፈቀቅ አሉ። ለእንግዳ ቦታ እንደሚለቅ ሰው።

ሮጬ ልይዛቸው ይገባ ነበር። ዓይኔ ግን መመልከቻው ላይ እንደቀረ ነው። መሃሉ ላይ አሁን ያለው አባባ የለቀቁት ባዶ ቦታ ነው።

ሦስት ሜትር።

ነጥቧ በራች። ሳትርገበገብ...

አባባ እጃቸውን ወደ ባዶው ዘረጉ።

ጣቶቻቸው እርስ በርስ ተጣበቁ... የማይታይ እጅ ከውጭ አጥብቆ እንደጨበጣቸው ሁሉ፣ ጫፋቸው ነጭ እስኪሆን።