ከባዱ ቤዝ

ሳጥኑ ክፍት ነበር። ውስጡ የተነጠፈው ቀይ ከፋይ የጊታሩን ቅርጽ እንደያዘ ቀርቷል። ጊታሩ ግን የለም።

ኢንስፔክተር ብርቱካን ጎንበስ ብላ አየችው። ጉልበቷ ተንቋቋ። የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበቷ ውስጥ ከሰፈረ ቆይቷል። ዝውውር ጠይቃ ጠይቃ ትታዋለች።

«በሩ አልተሰበረም» አለች። «ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«ሦስታችንም ጋ አለ» አለ ኤርሚያስ። «እኔ፣ ጋሽ ቴዎፍሎስና ሰዳም።»

ኤርሚያስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በዚህ ሆቴል አዳራሽ የድሮ ሮክ የሚጫወተውን ባንድ ይመራል።

መድረኩ ላይ ሌላ ቤዝ ጊታር ቆሟል። ሰማያዊ፣ ባለ አምስት ክር፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ።

«ይሄኛውስ እንዴት ተረፈ?»

«ግራ የገባኝ እሱ ነው። አዲስ ነው፤ ከጠፋው ይወደዳል።»

«ሌባ ውዱን ትቶ አሮጌውን ይወስዳል?»

«ጆሮ ያለው ሌባ ከሆነ ይወስዳል።» ኤርሚያስ የተማሪ ጥያቄ እንደሚመልስ ሆነ። «የጠፋው ባለ አራት ክር ነው። እንጨቱ ድፍን፣ ክሮቹ ለስላሳ። ድምፁ እንደ ቤት መሠረት ከሥር ይይዛል። ሰማያዊው ቀላልና ንጹሕ ነው፤ ለድሮ ሮክ ግን ይሳሳል። ዛሬ ሁለቱንም ሞክረን ለዘንድሮው ዝግጅት አንዱን ልንመርጥ ነበር። ለነገሩ ያለቀለት ምርጫ ነው። ሁላችንም አሮጌውን ነበር የምንለው፤ ጋሽ ቴዎፍሎስማ ከሁላችን ይብሳሉ።»

«ሌላ የጠፋ ነገር አለ?»

«ድምፅ ማጉያውን የምንሸፍንበት አሮጌ ጋቢ። ማን ይፈልገዋል?»

ዘበኛው ወልደ ሰንበት በር ላይ ተቀምጠዋል። «ከንጋት ጀምሮ ከዚህ አልተነሣሁም» አሉ። «ዕቃ ይዞ የወጣ ሰዳም ብቻ ነው። ትልቅ ጥቅልል ተሸክሞ።»

ሰዳምን ፖሊሶች ወደ ቆላ በሚወርደው መንገድ ጎረቤላ ላይ ከመኪና አወረዱት። ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ፊት ተቀመጠ። በብርድ ልብስ ፋብሪካ የሚሠራ ቀጭን ወጣት ነው። ቴዎፍሎስ ሲደክማቸው ቤዝ የሚመታው እሱ ነው፤ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው።

«ጥቅልሉ ምንድን ነው?»

«ብርድ ልብስ። በሠራተኛ ዋጋ የወሰድኩት፤ ሆቴሉ ውስጥ አሳድሬው ነበር። ለእናቴ ነው።»

«እናትህ የት ናት?»

«አሊዩ አምባ።»

«ለቆላ አገር ብርድ ልብስ ምን ይሠራል?»

«ትሸጠዋለች፣ እትዬ። ወደ ደጋ የሚወጣ ነጋዴ ከእሷ ይገዛል። እሷማ ከላዩ ላይ ተቀምጣ ነው በሙቀት የምታማርረው።»

ብርቱካን ፈገግ ልትል ፈልጋ ደከማት። «ቤዙን የት አደረስከው?»

«ወላሂ አልነካሁትም። ደግሞ ብወስደው ከነሳጥኑ ነው የምወስደው። በዚህ ዝናብ ራቁቱን ይወጣል እንዴ?» ድምፁ ወረደ። «ነገ ፈረቃዬ ነው። ከቀረሁ ያባርሩኛል። እናቴ ከኔ በቀር ማንም የላትም።»

ለጣቢያው አዛዥ ግን ነገሩ አልቋል። «ቁልፍ አለው፤ ጥቅልል ይዞ ወጥቷል። ጊታሩን መንገድ ላይ ለሌላ አሻግሮታል። ነገ ፍርድ ቤት ይቅረብ።»

ብርቱካን አልተከራከረችም። ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ሳጥኑን በአንድ እጇ ልታነሳው ሞከረች። ባዶውን እንኳ ከበዳት። የወሰደው ሰው ሳጥኑን የተወው ጥቅሙን ስለማያውቅ አይደለም፤ መሸከም ስለማይችል ነው።

ቴዎፍሎስ ገቡ። የፋብሪካ መካኒክ ናቸው፤ ባንዱን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። ዝናብ የመታውን ጃኬታቸውን አወለቁ። መጀመሪያ ቀኙን እጅጌ። ከዚያ በቀኝ እጃቸው ግራውን ቀስ አድርገው ገፈፉት።

«ሰዳም የወሰደው ይመስልዎታል?»

«ልጁ ጨዋ ነው።» ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ጣሉ። «ምናልባት ሰይጣን አሳስቶት ይሆናል እንጂ።»

ብርቱካን አመስግኖ የሚጥል ምስክር ብዙ አይታለች። ግድግዳው ላይ ያለውን የባንዱን ፎቶ ተመለከተች። ቴዎፍሎስ ቆመው፣ የጊታሩ ማንገቻ ግራ ትከሻቸው ላይ።

«ሁልጊዜ ቆመው ነው የሚጫወቱት?»

«አዎ።»

«ሮክ ተቀምጦ አይመታም» አለ መድረኩ ጠርዝ ላይ የተቀመጠው ኤርሚያስ እየሳቀ። «ተቀምጦ የሚመታው በገና ነው። ሁሌ የምላቸው ይሄንኑ ነው።»

ቴዎፍሎስ አልሳቁም።

ብርቱካን ወደ ዘበኛው ወጣች። «ጋሽ ወልደ ሰንበት፣ ዕቃ የያዘውን ነገሩኝ። ዕቃ ያልያዘስ ማን ወጣ?»

«ማንም። ከበሽተኛ በቀር።»

«የምን በሽተኛ?»

«እዚህ አድረው ጠበል የሚሄዱ አሉ አይደል? አንዱ ተከናንቦ ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፎ ወጣ። በሩን ከፈትኩለት። እግዜር ይማርልህ አልኩት። አሜን አለ።»

«ልጁን አዩት?»

«በሽተኛ ይገለጣል እንዴ፣ ኢንስፔክተር? ብርድ ይመታዋላ።»

«እንዴት ነበር ያቀፈው?»

ዘበኛው አሰቡ። «በቀኙ ብቻ፣ ደረቱ ላይ ለጥፎ። ግራ እጁ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። አሳዘነኝ። ላግዝህ ብለው ራሱን ነቀነቀ።»

ብርቱካን የሆቴሉን አስተናጋጅ ጠየቀች። ልጅ የያዘ እንግዳ አላደረም።

አመሻሽ ላይ ቴዎፍሎስ ቤታቸው ብቻቸውን ነበሩ። ብርቱካን አልተቀመጠችም።

«ጋሽ ቴዎፍሎስ፣ ግራ እጅዎን ወደ ላይ ያንሱልኝ።»

ግራ ትከሻቸውን በቀኝ እጃቸው ያዙ። ከዚያ ሞከሩ። እጃቸው ደረታቸው ጋ ሲደርስ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። አወረዱት።

«መቼ ጀመረዎት?»

«አምና ክረምት።»

«ማን ያውቃል?»

«አንቺ።»

ጊታሩ አልጋው ሥር ነበር፣ በጋቢው እንደተጠቀለለ። አንገቱ እንዳይጎብጥ ክሮቹን አላልተውለታል።

«አሮጌው ይመረጥ ያልኩት ከልቤ ነው» አሉ። «ለዚያ ሙዚቃ እሱ ነው። ግን አንድ ዘፈን ሙሉ ተሸክሜው መቆም አልችልም። ሰማያዊውን እችለዋለሁ። እናም አዳራሹ ውስጥ አድሬ ወሰድኩት። ዝግጅቱ ሲያልፍ ተገኘ ብዬ እመልሰው ነበር።»

«ትከሻዬን አመመኝ ማለት አይቀልም?»

«ኤርሚያስ ሲቀልድ ሰምተሽዋል። ቀልድ ነው። ግን የምቀመጥ ቀን የምቀር ቀን ነው።»

«ሰዳምስ? የራስዎ ተማሪ እኮ ነው። ነገ ከሥራው ይባረራል።»

ጋቢውን መልሰው ጊታሩ ላይ ሳቡ። «ይታሰራል ብዬ አላሰብኩም። ከታሰረ በኋላ ደግሞ እያንዳንዷ ሰዓት አፌን ይበልጥ ዘጋችው።»

ብርቱካን በመሬት የተጋደሉ፣ በውርስ የተካካዱ ወንድማማቾችን ቃል ተቀብላ ታውቃለች። በትከሻ ሕመም የመጣ ክስ ግን የመጀመሪያዋ ነው። የደከማት ለምን እንደሆነ አላወቀችም።

ጃኬታቸውን ከመስቀያው አወረደች። ግራውን እጅጌ አስቀድማ አለበሰቻቸው።

ሰዳም በዚያው ማታ ተፈታ፤ ፈረቃው አላመለጠውም። ጊታሩን የወሰደው ማን እንደሆነ ሲነግሩት ጫማውን ማሰር አቁሞ ቆየ። «ትከሻቸውን ሐኪም አይቶታል?» አለ ብቻ።

ቴዎፍሎስ በዋስ ወጡ። ጉዳዩ ገና ዐቃቤ ሕግ ጋ ነው።

ቅዳሜ ብርቱካን ጊታሩን በፊርማ ልታስረክብ አዳራሹ ሄደች። ሰው ሞልቷል። ኤርሚያስ አንድ ወንበር ተሸክሞ ወጣና መድረኩ ላይ፣ ከሰማያዊው ቤዝ አጠገብ አስቀመጠው። ምንም አልቀለደም። ሰዳም ከባዱን ቤዝ ከእሷ ተቀብሎ አንግቶ ክሮቹን ያጠብቃል።

ብርቱካን ወረቀቱን አስፈረመች። ጉልበቷ እየጠዘጠዛት ነበር። ወንበሩን ሳብ አድርጋ ልትቀመጥ ስትል ሰዳም ቀና አለ።

«ይቅርታ፣ እትዬ። ሰው አለው።»

ብርቱካን ወደ በሩ አየች። በሩ ላይ ከወልደ ሰንበት በቀር ማንም አልነበረም። ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።