አጎቴን የማበላበት ክፍል

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። በእውነት የሆነ ነገር ነው። ያላመነኝ አይፈረድበትም፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች።

የምሠራው ምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የጉበት ካንሰር ሴሎች ለምን እንደማያረጁ እናጠናለን። ጤነኛ ሴል ተባዝቶ ተባዝቶ ያረጃል፣ ይቆማል። እነዚህ ግን እርጅና የሚባል አያውቁም።

በጠፍጣፋ የፕላስቲክ ጠርሙስ አድርገን፣ እንደ ሰው ገላ በሚሞቅ ጨለማ ሳጥን ውስጥ እናኖራቸዋለን። ሮዝ ፈሳሽ እንሰጣቸዋለን። ሲበሉት ቢጫ ይሆናል፤ ያኔ እንቀይርላቸዋለን። እኛ ይህን ሥራ "ማብላት" እንለዋለን።

አብራኝ የምትሠራው ቴክኒሻን ከሁሉም በላይ የሚበሉትን ሴሎች "ሽማግሌው" ብላቸዋለች።

"ሽማግሌው ዛሬም ጥርግ አድርገው በልተዋል!" ትለኛለች። "እኚህ ሰውዬ ሆድ ነው ጉድጓድ ያላቸው?"

አብሬያት እስቃለሁ።

የማን ሴሎች እንደሆኑ አልነገርኳትም።

የአጎቴ ናቸው። ያሳደጉኝ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው። ለጉበታቸው ቀዶ ጥገና ሲገቡ ተቆርጣ የምትወጣዋን ቁራጭ ለምርምር የለመንኳቸው እኔ ነኝ። እሺ አሉኝ። አንድ ነገር ግን አስማሉኝ።

"የሞትኩ ዕለት አብረህ ቅበራት። ግማሼን እዚህ ግማሼን እዚያ እንዳታደርገኝ፣ አደራ።"

"እሺ ጋሼ።"

ሞቱ። ቀበርናቸው።

ሴሎቹን ግን አልቀበርኩም። እንደነሱ ያለ ብርቱ ሴል አይተን አናውቅም። ነገ ለሌላ በሽተኛ መድኃኒት ይሆናሉ አልኩ። ውሸት አልነበረም... ግን አደራም አደራ ነው። ከቀብር መልስ ሚስታቸው እትዬ "ሁሉ ነገሩን ቀበርንለት አይደል ልጄ?" ሲሉኝ፣ ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ መሬት መሬት እያየሁ "አዎ" አልኩ።

በዚያች ቅዳሜ ስልኬ ጠራ። እትዬ ናቸው።

"ልጄ... ጋደም ብዬ አጎትህን አየሁት።"

"ምን አሉ?"

"ራበኝ አለኝ። ያለሁበት ቤት ይጨልማል፣ ይሞቃል አለ። ዛሬ ደግሞ የሚያበላኝ ልጅ ቀረብኝ አለኝ።"



የማብላት ተራው የእኔ ነበር። ደክሞኝ ቀርቼ ነበር።

"ሕልም ነው እትዬ።"

"ሕልምማ ነው..." አሉ በሹክሹክታ። "ግን የሚያበላኝ ማን ነው አለ መሰለህ? ያሳደግኩት ልጅ..."

እየሮጥኩ ወደ ላቦራቶሪው ሄድኩ። ዘበኛው በሩ ላይ ሳቀብኝ። "ቅዳሜም እዚሁ? አንተ ልጅ፣ አሁንስ ሚስት አግባ!"

አልፌው ገባሁ።

ሳጥኑን ከፈትኩ። የጋሼ ሁለት ጠርሙሶች ቢጫ ሆነዋል። አንዷን ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁ።

ሴሎቹ ወትሮ የጠርሙሱን ወለል እንደ ምንጣፍ ይሸፍኑታል።

ወለሉ ባዶ ነበር። ሁሉም በአንድ ጠርዝ ተደራርበዋል... በሳጥኑ በር በኩል በነበረው ጠርዝ።

ሁለተኛዋንም አየሁ። እሷም እንደዚያው።

በቃ፣ አልኩ። ዛሬ ቃሌን እፈጽማለሁ። አምክኜ እቀብራቸዋለሁ። ሴል የምናመክነው፣ ማለትም የምንገድለው፣ በበረኪና ነው። አንደኛዋ ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩ።

ወዲያው ስልኬ ጠራ።

"ልጄ..." የእትዬ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። "ጎኔን አቃጠሉኝ እያለ ነው..."

"ደግሞ ተኝተው ነበር?"

"አልተኛሁም! ቆሜ ነው የምሰማው... ከመኝታ ቤት ነው..."

በረኪናውን ከደንኩት። 

የተረፈችውን ጠርሙስ እንዳትቀዘቅዝ ሸሚዜ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ አድርጌ ወደ እትዬ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ሞቀችኝ። ከእኔ ገላ በላይ ትሞቅ ነበር።

ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ። እትዬ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገዋል።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዋሽቼዎታለሁ። ጋሼን ሙሉ አልቀበርናቸውም። ይኸው... ነገ መቃብሩ ድረስ ወስደን..."

"ዝም በል!"

አልተቆጡኝም። ያንን ነበር የፈራሁት፤ ቁጣቸውን። ይልቅ እጄን ያዙና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

"ቀስ ብለህ አውራ። ስንት አባብዬው አሁን ገና ነው የተኛው።"

የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። የከሰዓቷ ፀሐይ አልጋው ላይ አርፋለች።

ጋሼ በሚተኙበት በኩል ሰማያዊው ብርድ ልብስ በተኛ ሰው ልክ ከፍ ብሏል። ቀስ እያለ ይነሳል... ቀስ እያለ ይወርዳል።

በቀኝ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንት ዝቅ ብሎ፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ፣ በረኪና እንደነካው ሁሉ፣ የብርድ ልብሱ ቀለም ለቋል። እያየሁት ይነጣል... ይሰፋል...